በማለዳ የመጡ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ የቀኑ ዜና ካበቃ በኋላ በደብረ ታቦር ስልክ ቤት ተራውን የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ ነበር። ሬዲዮው የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ ውጤት ተናግሯል። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ፣ ከዚያም በላይ፣ «እንለይ» ብሏል።

«ይሂዱ! ሠላሳ ዓመት ልጅ ስንገብር ኖርን፤ ይበቃናል» አለ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው።

«ማንን አማክረው? እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለ ከጎኑ የተቀመጠው።

«ቢጠይቁህ ምን ልትል ነበር?»

«እሱንማ ሲጠይቁኝ አስብበት ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ግን ደስታ የሌለው፣ ቶሎ የሚቆረጥ ሳቅ ነበር። ጨርቅ ነጋዴዋ ከድጃ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሆና ወደ መስኮቱ ተጣራች። «ስርጉት፣ እናቴ፣ ደሴን አገናኚኝ በአላህ! እኔ የመጣሁት ሸቀጤ የት ደረሰ ብዬ ልጠይቅ እንጂ አገር ልከፋፍል አይደለም።»

ስርጉት ከመስኮቱ ጀርባ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን አድርጋ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ ሰካች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ድምፅ ከሌላው ጋር ስታገናኝ ኖራለች፤ የሠርጉንም፣ የሐዘኑንም፣ የኩርፊያውንም ወሬ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ዛሬ ግን የገዛ ልቧን ድምፅ እንኳ አጥርታ መስማት አቅቷታል። ዓይኗ ከበሩ ላይ አልነሣ ብሏል።

በሩ ላይ የስልክ ቤቱ ጥበቃ አምላኩ ቆሟል። አምላኩ ከሁለት ዓመት በፊት ከአስመራ ግንባር በሱዳን በኩል በእግሩ የተመለሰ ወታደር ነው። ሌላ ጊዜ ቀልድ የሚወድ ሰው ሲሆን ዛሬ ጥዋት ለስርጉት በሩን ሲከፍትላት ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ክፍሎም ገባ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ክፍሎምን በደብረ ታቦር የማያውቀው የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በውሃ ሥራ ተቀጥሮ በፋርጣና በጋይንት ቀበሌዎች የእጅ ፓምፕ ሲተክልና ሲጠግን ኖሯል። ገጠሬው ስሙን ትቶ «ባለ ውሃው» ይለዋል። ትውልዱ ግን ደቀምሓረ ነው፤ እናቱ ዛሬም እዚያው ናት። ያለፈው ዓርብ ጎንደር ሄዶ ድምፅ ከሚሰጡት ኤርትራውያን ጋር እንደ ተሰለፈ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። የመንገዱ አቧራ ገና ከጫማው አልረገፈም።

«መጣህ?» አለው አምላኩ። «ፓስፖርት ይዘሃል?»

ጥቂቶች ሳቁ። ክፍሎም «ስልክ ልደውል ነው፣ አምላኩ» አለ በለሰለሰ ድምፅ።

«አሁንማ የውጭ አገር ጥሪ ሆኗል፤ ዋጋው ይለያል።»

አሁን የሳቀው ብዙ ሰው ነው። ከድጃ ብቻ «ተዉት እንጂ፣ ምናለ!» ብላ ፊቷን አዞረች። ክፍሎም ወደ መስኮቱ መጣና ቅጹን ሞልቶ አቀበላት። ስርጉት እንደማታውቀው ሰው «የት ነው?» አለችው። ሰው ፊት ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ፤ ሁለት ዓመት የተደበቀ ፍቅር አንደበትን ያሠለጥናል።

«አስመራ።»

«መስመር የለም። ከጥዋት ጀምሮ ተጨናንቋል።»

«ግዴለም። ቅጹን ያዢው» አለና አያት። ዓይኑ ቀልቷል። እንቅልፍ ያጣ ዓይን መሆኑን አወቀች፤ ያለቀሰም እንደሆነ ጠረጠረች። ከቅጹ ሥር በአራት የታጠፈ ወረቀት ነበር።

ወረቀቱን ያነበበችው የመጨረሻው ባለ ጉዳይ ከወጣ በኋላ ነው።

«ስርጉት፤ አያ አለሙ ሽማግሌነቱን ተቀብለውልኛል። ሐሙስ የማርያም ዕለት በማለዳ ይሄዳሉ። እናትሽ እሺ ካሉ ቀሪ ዘመኔ እዚሁ ነው። እምቢ ካሉ ግን ሰኞ በሚወጣው አውቶቡስ ወደ እናቴ እሄዳለሁ። አንቺን በየቀኑ በዚያ መስኮት እያየሁ የምኖርበት ጉልበት የለኝም። ነገ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ኢየሱስ ታች፣ ጽዶቹ ሥር እጠብቅሻለሁ።»

ጎንደር ላይ ምን ብሎ እንደ መረጠ አልጻፈም። ስርጉት ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ያልተጻፈው ነገር ከተጻፈው ይልቅ ከብዶ ወደ ቤቷ ሸኛት።

* * *

በማግሥቱ ከጽዶቹ ሥር ሲገናኙ ፀሐይዋ ወደ ጣና አቅጣጫ አዘንብላ ነበር። ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የሚወርዱ ሴቶች እስኪያልፉ ድረስ ጀርባና ጀርባ ሆነው ቆዩ።

«ምን ብለህ መረጥክ?» አለችው ስርጉት። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችውም።

«ነጻነት ብዬ።»

ስርጉት ዓይኗን ጨፈነች። ከትናንት ጀምሮ ታውቀው ነበር። ማወቅና መስማት ግን አንድ አልሆነላትም።

«እናቴ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ነው የለመነችኝ» አለ ክፍሎም። «በሰው እጅ ላከችብኝ። ‹ልጅ እየወለድን ለጦር ማቅረብ ሰለቸን፣ ይብቃ በልልኝ› አለችኝ። ምን ልበላት? አገሩ ይለይ አልኩ እንጂ እኔ ከአንቺ ልለይ አላልኩም።»

«ለኔ አታስረዳኝ። እኔ ገብቶኛል።» ድምፅዋ ተሰበረ። «የምፈራው እምዬን ነው።»

ክፍሎም የወይዘሮ ዘነበችን ጉዳይ አሳምሮ ያውቃል። የስርጉት ታላቅ ወንድም አንዱአምላክ በ1980 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ አስመራ ዘመተ፤ ደብዳቤው ከ1982 ዓ.ም. በኋላ ተቋረጠ። ጦሩ ሲበተንና ወታደሩ እግሩ እየደማ በየመንገዱ ሲመለስ ወይዘሮ ዘነበች ወረታ ድረስ እየወረዱ እያንዳንዱን ሲጠይቁ ከረሙ። ጎረቤታቸው አምላኩ የተመለሰ ዕለት ደጃቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ወይዘሮ ዘነበች በሩን በክንዳቸው ከልክለው «አየሁት፣ ይመጣል የምትለኝ ከሆነ ግባ። ሌላ የምትለኝ ከሆነ አንደበትህን ዝጋ» አሉት። አምላኩ አቀርቅሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ልቅሶ የሚባል ነገር አልተነሣም። የንስሐ አባታቸው መምሬ ጌጡ እንኳ «ፍትሐት እናድርግለት፣ ለነፍሱ ነው» ብለው ሲመክሯቸው «ልጄን በሕይወት ካሉት ጋር ይጥሩልኝ» ብለው ስሙን ለሙታን ጸሎት ሳይሰጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

«ትናንት ሬዲዮውን ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አለች ስርጉት። «‹እስካሁን መንገዱ ሲከፈት ይመጣል እል ነበር፤ አሁን ድንበር አበጁበት› ትላለች። ይኸንን ያደረገው ክፍሎም ነው ብትባል በምን ዓይኗ ታይሃለች? ከጠየቁህ አልመረጥኩም በል። አያ አለሙም እንዲሁ ይበል ብለዋል። ጎንደር የሄድኩት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው በል።»

«እናትሽን በውሸት ገብቼ እናቴ ልበላቸው?»

«አንድ ቃል ናት፣ ክፍሎም! አንዲት ቃል! ለኔ ብለህ!»

ክፍሎም ፊቱን ወደ ጽዶቹ አዞረ። ስርጉት በፍጥነት ሌላውን ወሬ አመጣች። «ደግሞ ለአያ አለሙ ነግሬያቸዋለሁ፤ መምሬ ጌጡን ይዘው ይመጣሉ። እምዬ ማንንም እምቢ ብትል የንስሐ አባቷን እምቢ አትልም።»

«አንቺ ነሽ ያሰብሽው?»

«እኔ ነኝ።» በዚህ ብቻ ትንሽ ፈገግ አለች።

«እሺ» አለ ክፍሎም በመጨረሻ። «እንዳልሽው አልመረጥኩም እላለሁ።»

የለመነችውን አግኝታለች። ነገር ግን «እሺ» ሲላት ፊቱን ስላላሳያት፣ ዳገቱን ስትወጣ የሆነ ነገር የሰረቀች እየመሰላት ሁለት ጊዜ ዞራ አየች።

* * *

ሐሙስ፣ የማርያም ዕለት፣ ገና ሰማዩ ሳይቀላ ስርጉት ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ከመንገዱ የእግር ኮቴ ሲሰማ ደረቷን በእጇ ያዘች። ወጉን ታውቀዋለች። ሽማግሌዎቹ ከደጅ ይቆማሉ። ግቡ ሳይባሉ አይገቡም፤ ቢገቡም ጉዳያቸው መልስ ሳያገኝ አይቀመጡም።

ወይዘሮ ዘነበች ፊታቸውን ሊታጠቡ ማሰሮ ይዘው ወጡና የግቢውን በር ከፈቱ።

ከውጭ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አያ አለሙ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። ሌላው ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተመርኩዘዋል። በመካከላቸው መምሬ ጌጡ ጥቁር ካባቸውን ደርበው መስቀላቸውን ይዘዋል። ሦስቱም እንደ ወጉ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንዳቸውም አልተናገሩም።

ማሰሮው ከወይዘሮ ዘነበች እጅ ወድቆ ተሰበረ።

ስርጉት ያን ጊዜ ነው የገባት። በማለዳ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የንስሐ አባትን አስቀድሞ የሚመጣው ሌላ ማን ነው? መርዶ ነጋሪ ነው። ይኸንን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታይ ኖራለች። በየሰፈሩ ስንት ቤት እንዲህ ሲረዳ አብራ ሄዳ አልቅሳለች። ነገር ግን የራሷ ደስታ ዓይኗን ጋርዶባት መምሬ ጌጡን ራሷ ጠርታ አስመጣች።

«ልጄን!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «አንዱአምላኬን!»

ጩኸታቸው ሰፈሩን አናወጠው። ሁለት ዓመት የታፈነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። ደረታቸውን እየደቁ መሬት ላይ ተቀመጡ። ስርጉት ሮጣ አቀፈቻቸው። «እምዬ፣ አይደለም! ለሱ አይደለም የመጡት! ለኔ ነው፣ ለጋብቻ ነው! እምዬ ስሚኝ!» የሚሰማት አልነበረም። አያ አለሙ «እመት ዘነበች፣ ኧረ እኛ... ኧረ በማርያም...» ይላሉ እንጂ ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ አላቸው። በሚያለቅስ ሰው ፊት «ልጅሽን ለትዳር» እንዴት ይባላል? ጎረቤቱ ነጠላውን ገልብጦ እየለበሰ ከየበሩ መጣ። ደርሰው ሳይጠይቁ አለቀሱ። የሁሉም ቤት የጎደለበት ሰው ነበረውና ጠያቂ አላስፈለገም።

አምላኩ እየሮጠ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ሸሚዙን በቅጡ አልቆለፈም። ሕዝቡን ገፍቶ ገባና አያ አለሙ ፊት ቆመ።

«ማን ነገራችሁ?» አለ። «ማን ነው የነገራችሁ? እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ! እኔ ነኝ የቀበርኩት!»

ልቅሶው ቀጥ አለ።

አምላኩ ዙሪያውን አየ። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። መምሬ ጌጡ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ማንም ምንም አልነገረንም» አሉት። ፊቱ አመድ መሰለ። ወይዘሮ ዘነበች ከመሬት ቀና ብለው ሲያዩት ግን አጠገባቸው ተንበረከከ።

«ደቀምሓረ ላይ ነው፣ እማማ» አለ። «በ83፣ በግንቦት። አብረን ነበርን። አልተሠቃየም። በሸራ ከፍኜ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጌ ከአንድ የወይራ ዛፍ ሥር ቀበርኩት። ልነግርዎ መጥቼ ነበር። ከለከሉኝ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱን አጣሁት።»

ስርጉት አፏን በእጇ ያዘች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጥዋቱ በሩን የሚከፍትላት ሰው ወንድሟን በገዛ እጁ የቀበረ ሰው ነበር። ልትጮህበት ፈለገች። ልታቅፈውም ፈለገች። ሁለቱንም አላደረገችም።

ወይዘሮ ዘነበች የአምላኩን ራስ በእጃቸው ዳሰሱና «ፊቱን ወደ ምሥራቅ?» አሉት።

«ወደ ምሥራቅ፣ እማማ።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ።»

ከዚያ በኋላ ያለቀሱት ልቅሶ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ዝግ ያለ፣ መድረሻውን ያወቀ ልቅሶ ነበር። ሰውም አብሯቸው እያለቀሰ ሳለ አንዲት ሴት ከበሩ በኩል «ይኸ ደግሞ ምን ቀረኝ ብሎ ነው?» አለች። ክፍሎም ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። የሽማግሌዎቹን መልስ ሊጠብቅ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሳለ ጩኸቱን ሰምቶ ነው የመጣው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ይኸ ሸሚዝ ስርጉትን ከሁሉ ይልቅ አንጀቷን በላት።

«መምሬ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች፣ «ለመርዶ ካልመጣችሁ ለምን መጣችሁ?»

መምሬ ጌጡ መስቀላቸውን ይዘው ሊዋሹ አልቻሉም። «ለዚህ ልጅ ስርጉትን ልንለምን ነበር።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ወይዘሮ ዘነበች ልጃቸውን አዩ፤ ስርጉት አቀረቀረች። ከዚያ ወደ ክፍሎም ዞሩ። «ና ወዲህ።»

ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«ጎንደር ሄዶ መርጧል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

ክፍሎም ወደ ስርጉት ዞረ። ስርጉት በዓይኗ ለመነችው። አንዲት ቃል፣ ትናንት እሺ ያልከኝን አንዲት ቃል በል። የዛሬዋ ቃል የቀሪ ዘመናቸው ሁሉ በር ናት። ዓይኖቹ ዓይኖቿ ላይ ቆዩ። ይቅርታ እየጠየቃት እንደሆነ አወቀች።

«መርጫለሁ፣ እመት።»

«ልጄ የተኛበት አፈር ከኔ ይለይ ብለህ?»

«ማን እንደ ተኛበት አላወቅሁም ነበር። ግን አዎ፣ እመት። ይለይ ብያለሁ።»

አያ አለሙ «አይ ልጄ!» ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከኋላ አንድ ሰው «አስወጡት!» አለ። ወይዘሮ ዘነበች እጃቸውን አነሡ፤ ጸጥ አለ።

«እናትህ የት ናት?»

«ደቀምሓረ።»

«በሕይወት አለች?»

«አለች፣ እመት።»

ወይዘሮ ዘነበች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ» አሉ፣ «ሰው ሁሉ እኔ የምወደውን ብቻ ነገረኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌላ አልሰማም ብዬ። ዛሬ አንዱን ጠየቅኩት፣ የሚጎዳውን መለሰልኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አባቷ ከሞተ ቆየ። ወንድሟንም ይኸው ተረዳሁ። በዚህ ቤት ልቅሶ ደራሹን የሚቀበል ወንድ የለም። ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

በቀኛቸው በኩል ያለውን ባዶ መሬት በመዳፋቸው መቱ።

ያ ቦታ የባለ ልቅሶው ነው፤ የልጅ፣ የወንድም ቦታ ነው። አያ አለሙ ጎንበስ ብለው «እመት ዘነበች፣ ሰዉ ምን ይላል?» አሏቸው በሹክሹክታ።

«ሰዉማ እግዜር ያጥናህ ይላል። በልቅሶ ቤት ሌላ ምን ይባላል?»

ክፍሎም ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። የሚያደርገውን ያጣ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ። መጀመሪያ መምሬ ጌጡ መጡና መስቀላቸውን አሳልመው «እግዜር ያጥናህ» አሉት። ከድጃ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ ከገበያው በኩል ደረሰች፤ ያየችውን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ጎንበስ አለችለት። ከዚያ በኋላ ሰዉ በተራ መጣ። ማክሰኞ ዕለት የሳቁበት ሁሉ ነበሩበት። አንዳንዱ ፊቱን አዙሮ በጥርሱ መካከል ተናገረው። ሁለት ሰዎች ጨርሶ አልፈውት ሄዱ። አንድ ሽማግሌ ግን እጁን ይዘው ከወትሮው ረዘም አድርገው ቆሙ። ክፍሎም ለእያንዳንዱ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲል ቆየ፤ ወደ መጨረሻው ድምፁ ተዘጋ። የማያውቀውን የአንዱአምላክን ስም ጠርቶ ማልቀስ ሲጀምር አምላኩ ከተንበረከከበት ተነሥቶ፣ በቀኙ በኩል፣ ትከሻው ትከሻውን እስኪነካ ተጠግቶ ተቀመጠ።

ስርጉት ከእናቷ ሌላ ጎን ነጠላዋን ገልብጣ ተቀምጣለች። ተሰጥቷል ያላትም ተከልክሏል ያላትም የለም። ተዝካሩ ሳይወጣ በዚህ ቤት የሠርግ ነገር እንደማይነሣ ታውቃለች። ዓመት ረጅም ነው፤ የሰው አፍም አያርፍም። ግን ሰኞ አውቶቡሱ ሲወጣ ክፍሎም የሚቀመጠው እዚያ አይደለም፤ እዚህ ነው፣ ከእናቷ በስተቀኝ። ለወንድሟ ያነባችው እንባ ገና ከጉንጯ ሳይደርቅ ሌላ፣ የሚያሞቅ ነገር ከደረቷ ተነሥቶ ሲመጣ ተሰማት። በእንዲህ ያለ ቀን እንዲህ ያለ ነገር መሰማቱ አሳፈራት። አንዱአምላክን ይቅርታ ለመነችው፣ ማርያምንም ይቅርታ ለመነቻት፤ ሰው እንዳያይባትም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበችው።